አባቴ የወጣበት መንገድ

«አባትሽ በየት በኩል ነው የወጣው?»

የጠየቀኝ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ነው። ተንበርክኮ፣ ሁለት ትከሻዬን ይዞ፣ ዓይኑን ከዓይኔ እኩል አድርጎ። ሰባት ዓመቴ ነበር። መልሱን አላውቀውም፤ ግን ትልቅ ሰው እንዲህ ተንበርክኮ ሲጠይቅ አላውቅም ማለት ነውር መሰለኝ።

ከሆቴሉ ወደ ተራራው የሚወጡት መንገዶች ሦስት ነበሩ። እናቴም እኔም ማንበብ አንችልም ነበር፤ ቢሆንም በራፉ ላይ ከቆመው ሰሌዳ በቀለማቸው ለይቼ አውቃቸዋለሁ። ቢጫው ወደ ሐይቁ ይወስዳል፤ ለሽማግሌና ለሕፃን የሚሆን፣ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ። ሰማያዊው ወደ ታችኛው ጎጆ ነው፤ ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት። ቀዩ ደግሞ ወደ ላይኛው ጎጆ፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ዳገት ነው፤ እንግዶቹ እዚያ ያድሩና በማግስቱ ሁለት ሰዓት ተጉዘው ጫፉ ላይ ይደርሳሉ። አባቴ መንገድ መሪ ነበር። በየዓመቱ በረዶው ሲቀልጥ በየድንጋዩ ላይ ያለውን ምልክት እንደገና ይቀባል፤ እኔ የቀለም ቆርቆሮውን ታቅፌ እስከ መጀመሪያው የድንጋይ ክምር እከተለዋለሁ። ከዚያ በኋላ «በቃ፣ ቃጭሌ፣ ተመለሽ» ይለኛል። ቃጭሌ የሚለኝ አፌ ስለማያርፍ ነው።

ወደ ታች የሚወርድ አንድ መንገድም ነበር። የአስቤዛ መኪና የሚመጣበት ነው። እሱ ቀለም አልነበረውም፤ ሰሌዳው ላይም አልተሣለም። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ሲጠይቀኝ ትዝም አላለኝ።

«በቀዩ» አልኩት።

ለምን ቀዩን እንዳልኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ከሁሉም ከባዱ ስለሆነ ይመስለኛል። አባቴ ቢጫ መንገድ የሚሄድ ሰው አልነበረም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ስነቃ እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። አንድ እግሯ ላይ ካልሲ አለ፤ ሌላውን ካልሲ በእጇ ይዛዋለች። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ የቆየች ትመስላለች።

«አባዬስ?»

«ወጥቷል።»

«መቼ ይመጣል?»

«ተነሺና ፊትሽን ታጠቢ።»

ልታጠብ ስወርድ ከአልጋው ሥር ጫማውን አየሁት፤ ሶሉ ላይ ሚስማር የተመታበት የተራራ ጫማው። «እማዬ፣ ጫማውን ረስቷል» አልኳት። እናቴ ጎንበስ ብላ አላነሳችውም። በካልሲ እግሯ ወደ ግድግዳው ገፋችው። እናቴ ሥርዓት የምትወድ ሴት ናት፤ የሰው ጫማ በእግሯ ስትገፋ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ግራ ገባኝ። ተጣልተው ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ግን የተጣላችው ከጫማው ጋር ነበር የሚመስለው።

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ያለችው ክፍላችን «የመሪው ክፍል» ትባል ነበር። ይህን እንደ ስም ነበር የማውቀው፣ ማጠቢያ ክፍል፣ የበቅሎ ቤት እንደሚባለው። ትርጉሙ ግን ሌላ ነበር። ክፍሏ የአባቴ ሥራ ናት። መሪው ካለ እኛ አለን፤ ከሌለ ደግሞ ሌላ መሪ ከነቤተሰቡ ይገባባታል። እናቴ ይህን ታውቃለች። እኔ ግን ቤት ማለት ጥርስ ይመስለኝ ነበር፤ ሰው ይዞት የሚወለድ።

ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት እንግዶች ዱላቸውን ይዘው በራፉ ላይ ቆመው አባቴን ይጠብቁ ጀመር። ሥራ አስኪያጁ የመውጫ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ወደ ማጠቢያው ክፍል መጣ። በዚያ መዝገብ ወደ ተራራው የሚሄድ ሁሉ ስሙን፣ መንገዱንና የወጣበትን ሰዓት ያስጽፋል፤ ሲመለስም የገባበት ሰዓት ይጻፋል። እናቴ አንሶላ እየተኮሰች ነበር።

«ባልሽስ?»

«ወጥቷል።»

«መዝገቡ ላይ የለም እኮ።»

«ወጥቷል አልኩዎት።»

«ብቻውን?»

እናቴ ካውያውን ገፋች፣ ሳበች። «ብቻውን።»

ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን ከፈተና ዘጋው። ከዚያ ድንገት ፊቱ ተለወጠ። «ሰንሰለቱ» አለ። «ጫፉ አጠገብ ያለው ሰንሰለት ተነቅሏል ያሉት ከትናንት ወዲያ ነው። እሱን ሊያይ ነው የወጣው። በሌሊት ተነስቼ ቶሎ እመለሳለሁ ብሎ ይሆናል። ምን ዓይነት ሰው ነው ይሄ?»

እናቴ አዎ አላለችም። አይደለምም አላለችም። ካውያው አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ነበር፤ አንሶላው መሽተት ሲጀምር ነው ብድግ ያደረገችው። የካውያው ቅርጽ በነጩ ላይ ቡናማ ሆኖ ቀረ። ሥራ አስኪያጁ አየው፤ ግን ባሏ ያሳሰባት ሴት መስላው ምንም አላላትም።

ዘንድሮ ከሥራ በኋላ ፊደል እማራለሁ። ባለፈው ወር አስተማሪዋ «ወጣ» የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ ጽፋ ዓረፍተ ነገር ሥሩበት አለችን። ከጎኔ ያለችው «ልጁ ዛፍ ላይ ወጣ» ብላ ጻፈች። ከፊቴ ያለው የጥበቃ ሠራተኛ «ሰውዬው ከሥራ ወጣ» ብሎ ጻፈ። እኔ ሁለቱን ደብተር እያየሁ እርሳሴን ያዝኩ፣ አንድም ቃል ሳልጽፍ ደወል ተደወለ። እናቴ አልዋሸችም። ወጥቷል ነው ያለችው፤ ወጥቷልም። ወደ ላይ ያደረግነው እኛ ነን።

ከምሳ በኋላ ጉም ወረደ። መጀመሪያ ቀዩ መንገድ ተሸፈነ፣ ቀጥሎ ሰማያዊው፣ ኋላም ከደጃፍ የቆመው ሰሌዳ ራሱ አልታይ አለ። ሥራ አስኪያጁ ግምቱን ሊያረጋግጥ ተንበርክኮ የጠየቀኝ ያኔ ነው። «በቀዩ» ስል ቀና ብሎ ሰዎቹን አየ። ሦስት ነበሩ፤ አትክልተኛው፣ ዘበኛውና ጋሽ ዝግታ።

ጋሽ ዝግታ በበቅሎ ለላይኛው ጎጆ ስንቅና እንጨት የሚያመላልስ ሰው ነው። ስሙን ያወጡለት አረማመዱን አይተው ነው። እንግዶች ሲስቁበት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እንቁላሉስ ሄዷል፣ የቀረሁት እኔ ነኝ» ይላል። አባቴ አራት ጊዜ ደርሶ ሲመለስ እሱ አንዴ ነው። ግን በቅሎው ወድቃበት አታውቅም፤ እሱም ወድቆ አያውቅም።

ሰዎቹ ገመድና ፋኖስ ሲያወጡ እኔ ሮጬ ወደ ክፍላችን ሄድኩ። የአባቴን ጫማ ከግድግዳው ሥር ጎትቼ አወጣሁ፤ ከባድ ነበር፣ እንደ ቀለሙ ቆርቆሮ ታቀፍኩት። በረዶ ላይ በከተማ ጫማው ነው ያለው ብዬ ሆዴ ባብቶ ነበር። በቅሎዋ ጋ ደርሼ «ጋሼ፣ ይሄን ስጠው፣ ረስቶት ነው» አልኩት።

ጋሽ ዝግታ የበቅሎዋን መቀነት እያጠበቀ ነበር። እጁ ቆመ። ጫማውን ተቀበለኝ፤ ገልብጦ ሶሉን አየ፣ ውስጡን አየ፣ ደግሞ እኔን አየ።

«ማን አየው ይሄንን?»

«እማዬ።»

«ሌላስ?»

«ማንም።»

«ቃጭሌ፣ ዛሬ እንኳን ቃጭልሽን ያዢልኝ» አለና ጫማውን የገብስ ከረጢት ውስጥ ከተተው። ይህን ያደረገው ዝናብ እንዳይመታው መስሎኝ አመሰገንኩት።

አሁን ልጅ ወልጄ፣ ብዙ ነገር ፈርቼ፣ ሳስበው ይገባኛል። በዚያ ተራራ ያለ ሚስማር ጫማ ወደ ላይ የሚወጣ መንገድ መሪ የለም። ጋሽ ዝግታ ሶሉን ሲገለብጥ ሁሉንም አንብቦታል። እሱም እንደኛ ፊደል አይቆጥርም ነበር።

በቅሎዋን እየሳበ ወደ ማጠቢያው ክፍል በር ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት። እናቴ ደፉ ላይ ቆማ ነበር።

«እህቴ፣ ወጥቷል ነው ያልሽው?»

«ወጥቷል።»

«እ።» ጉሙን አየ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ግን አሁን ከሆነ ይመለሳል። ሰዎቹ ገና ጫማቸውን እያሰሩ ነው። ትንሽ ከዘገየ ግን አይመለስም።»

ስለ አባቴ የሚያወራ መስሎኝ ልቤ ደስ አለው። ይመለሳል ብሏል።

እናቴ ግን ደስ አላላትም። «ልጅቷን ይዤ የት ልግባ?» አለች።

ይህ ደግሞ ጨርሶ አልገባኝም። ክፍላችን ከኋላዋ ነበረች፣ በሩም ክፍት ነበር። እጇን ይዤ «እማዬ፣ ወደ ውስጥ እንግባ፣ በርዶሻል» አልኳት። አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። ጋሽ ዝግታ ፊቱን አዞረ።

«እንግዲያው ቀዩን እኔ ልያዝ» አለ። «እነዚያ በጉሙ መንገድ ስቶ እንደሆን ቢጫውንና ሰማያዊውን ይዩ፤ ይበቃቸዋል። ሰው በከንቱ አይድከም።»

«አንተስ?»

«እኔማ ስደክምስ ማን ያውቃል? ሁልጊዜም እንደደከመ ሰው ነው የምሄደው።»

እናቴ «ተው» የምትል መስሎኝ አየኋት። ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ነበር። አላለችም። እሱ ሥራ አስኪያጁ ጋ ሄዶ ስሙን አስጻፈ፣ ቀዩ መንገድ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ብቻውን። በቅሎዋ ቃጭሏን እያሰማች ጉሙ ውስጥ ገባች። ድምጿ ከታየችበት ጊዜ በላይ ቆየ።

አትክልተኛውና ዘበኛው ሳይመሽ ተመለሱ። ጋሽ ዝግታ አልተመለሰም። እናቴ የዚያን ዕለት ማታ አልጋ ላይ አልወጣችም፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቀይ መንገዱ ያለበትን አቅጣጫ ስታይ አይቼ ተኛሁ። ለአባቴ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ በቅሎዋ ብቻዋን ወረደች። ሰዎቹ ሲሮጡ ወጡ፤ አመሻሽ ላይ ጋሽ ዝግታን በመሰላል ላይ አስረው አመጡት። ከላይኛው ጎጆ በታች ድንጋይ ከድቶት ዳሌውን ሰብሯል፤ ሌሊቱን ያደረው እዚያው ነው። ምድጃ ያላት ከሠራተኛ ክፍሎች የኛ ብቻ ስለነበረች በእኛ አልጋ ላይ አስተኙት። ሰዎቹ ወጥተው እናቴ ውኃ ልታመጣ ስትሄድ ጆሮው ሥር ሄድኩ።

«ጋሼ፣ አባዬን አገኘኸው?»

ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። «ጫማውን አድርሻለሁ» አለኝ።

ደስታዬ ወደር አልነበረውም። አባቴ ቢዘገይም አይበርደውም። ውኃውን ይዛ ስትገባ ለእናቴ ነገርኳት፣ «ጫማውን አድርሶለታል» አልኳት። ባልዲውን መሬት አስቀመጠች፣ ቀስ ብላ፣ ጠብታ ሳይፈስ። ከዚያ እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በደስታ ነው ብዬ እኔም ከእሷ ጋር ሳቅኩ። ያ ሳቄ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጫማውን የት እንዳደረገው አልተናገረም፤ ማንም አላገኘውም።

ጉሙ እስኪገፈፍ ተብሎ ፍለጋው ቆሞ ሳለ፣ በአራተኛው ቀን የአስቤዛው መኪና መጣ። ሾፌሩ ጎማውን በእግሩ እየነካ፣ እናቴ አንሶላ ወደምታሰጣበት ዞሮ ጮክ ብሎ ጠየቀ፤ «ሰውሽ በሰላም ገባ ወይ? መናኸሪያ ድረስ አድርሼው ነው የተመለስኩት። ሻንጣው ሊገድለኝ ነበር፤ ምን ሞልቶበት ነው?»

ሥራ አስኪያጁ ከሰሌዳው አጠገብ ቆሞ ነበር። ዘበኛው መጥረጊያውን አቆመ። እናቴ ከተሰጣው አንሶላ ጀርባ ገባች፤ ከታች እግሯ ይታየኛል። እኔ ሾፌሩ ሰው ተሳስቶ ነው ብዬ «አባዬ ሻንጣ የለውም፣ የጀርባ ቦርሳ ነው ያለው» አልኩት። ሾፌሩ እኔን አየኝና ቆቡን አወለቀ። ልቅሶ ቤት ያለ ይመስል ለምን ቆብ እንዳወለቀ አልገባኝም።

ሥራ አስኪያጁ እናቴን ተከትሎ ክፍላችን ገባ። ሲናደድ ድምፁ የሚቀንስ ሰው ነበር።

«አንቺ ሴት፣ ሰው ልታስገድይ ነበር። አንድ ቃል፣ አንዲት ቃል ብትናገሪ።»

እናቴ ወለሉን አየች።

«ነገ ክፍሉን ልቀቂ።»

«ማን ነው የሚለቀው?» አለ ጋሽ ዝግታ ከአልጋው። «የተኛሁበት እኔ አይደለሁ?»

«አንተን የሰበረችህ እኮ እሷ ናት።»

«እኔን የሰበረኝ ድንጋይ ነው። የምታባርር ከሆነ እሱን አባር።»

«ቀልድ አይደለም።»

«እኔም አልቀለድኩም፣ ስስቅ ዳሌዬን ያመኛል። በሆቴሉ ሥራ ነው የወጣሁት፤ መዝገቡ ላይ አለሁ፣ በገዛ እጅህ ጽፈኸኛል። በቅሎ ቤት ጭድ ላይ ከእንግዲህ መተኛት አልችልም። ክፍሉን ለእኔ ስጠኝ።»

«እሺ፣ ላንተ ይሁን። እሷ ግን...»

«ደግሞ ሽንት ቤት የሚያደርሰኝ ሰው ያስፈልገኛል። አንተ ታደርሰኛለህ ወይስ እሷ?»

ሥራ አስኪያጁ አንድ ጊዜ እናቴን፣ አንድ ጊዜ የጋሽ ዝግታን ግዙፍ ሰውነት አየ። ዞሮ ወጣ። በማግስቱ አልመጣም። በሳልስቱም አልመጣም። አዲሱ መንገድ መሪ ሲመጣ ዕቃ ቤቱ ተጠርጎ ተሰጠው።

እንዲህ ሆኖ ጋሽ ዝግታ እኛ ዘንድ ተቀመጠ፤ ወይም እኛ እሱ ዘንድ። መካከል ላይ እናቴ ያንን የተቃጠለ አንሶላ መጋረጃ አድርጋ ሰቀለችው። እሱ ከመስኮቱ ወገን፣ እኛ ከምድጃው ወገን። ሰዎች ምን ይሉ እንደነበር ዛሬ እገምታለሁ። ያኔ ግን ሦስታችንም አባቴን የምንጠብቅ ነበር የሚመስለኝ። መስኮቱ ቀዩን መንገድ ያሳያል፤ ጋሽ ዝግታ ቀኑን ሙሉ ወደዚያ ያያል፤ እናቴ ሥራዋን ጨርሳ ስትገባ «ዛሬስ ምን አለ?» ትለዋለች። እሱም «ሁለት እንግዳ ወጣ፣ ሦስት ወረደ» ይላታል። ሰው በመጠበቅ እንዲህ ይስማማል ብዬ አምን ነበር።

እውነቱን ያወቅሁበትን ቀን አላስታውሰውም። አንድ ቀን የሆነ አይመስለኝም። እርሾ ሊጥ ውስጥ እንደሚሠራው፣ ሳይታይ ነው የገባኝ። አሥር ዓመት ሲሆነኝ እናቴን «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ነገርኩሽ» አለችኝ። «ወጥቷል አልኩሽ።» ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ ዝም አይነቅዝም የምትል ሴት ናት።

ጋሽ ዝግታን ግን ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። አውቀህ ለምን ወጣህ? እለዋለሁ። አንድ ጊዜ «እስከ መጀመሪያው ድንጋይ ሄጄ ልመለስ ነበር፣ በቅሎዋ እምቢ አለችኝ» አለኝ። ሌላ ጊዜ «ሥራ አስኪያጁ በሩቅ ማያ መነጽር ያየኝ ነበር» አለ። ጉም ውስጥ በመነጽር ምን ይታያል? አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ፣ ትከሻውን እያሸሁለት ሳለ፣ ሳልጠይቀው ተናገረ፤

«ምናልባት ተሳስቼስ ቢሆን? እላለሁ። ጫማው ጠቦት፣ በሌላ ጫማ ወጥቶስ ቢሆን? ግማሽ መንገድ ላይ ይህን አሰብኩና መመለስ አቃተኝ።»

የትኛው እውነት እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ሁሉም። እኔ ራሴ ዛሬ ልጄ አሥር ደቂቃ ስትዘገይ ልቤ የሚያውቀውን እግሬ አያምንም፤ ጎረቤት ጋ እንዳለች እያወቅሁ መንገድ ለመንገድ እፈልጋታለሁ። ከቤት ስትወጣ «በየት በኩል? ማን ጋ? እስከ ስንት ሰዓት?» ብዬ አሰለቻታለሁ። «እማዬ፣ ወጣሁ ብዬሻለሁ እኮ» ትለኛለች። እሱ ብቻውን መልስ እንዳይደለ እንዴት አድርጌ ላስረዳት?

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ከተማ ውስጥ ሥራ ተገኘልኝ፤ የሆቴሉ እንግዳ የነበሩ አንዲት ሴትዮ ቤት፣ ልጅ መጠበቅ። ሴትዮዋ ለእናቴም ቦታ አለ፣ ልብስ የሚያጥብ ሰው እንፈልጋለን ብለዋል። የእናቴን ልብስ ሁሉ በአንድ ማዳበሪያ ጠቅልዬ ጠበቅኋት። የሄደውን ሰው አሥር ዓመት ጠብቃዋለች፣ በቃት፣ ብዬ ነበር። መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ሳለ ማዳበሪያውን ፈታ ልብሷን ወደ ክፍሉ መመለስ ጀመረች።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እሱስ ማን አለው?»

«አባዬ ከእንግዲህ አይመጣም» አልኳት። ይህን ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

እናቴ ግራ ገብቷት አየችኝ። ስለማን እንደማወራ ለማስታወስ ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ሳቅ አለች፣ ያለ ምሬት፣ ልጅ እንደተሳሳተባት እናት።

«አባትሽን ማን አነሳው?» አለችኝ።

ጋሽ ዝግታ በሁለት ዱላ ተደግፎ ሊሰናበተኝ ደጃፉ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ከክፍሉ እስከዚያ ለመድረስ ሩብ ሰዓት ፈጅቶበታል። ግንባሬን ሳመኝ። እናቴ ይወድቃል ብላ ስለፈራች መኪናው ሲነሳ እጇን አላወዛወዘችልኝም፤ በሁለት እጇ ክንዱን ይዛው ነበር።

አባቴና እኔ ሄድን። እናቴና ጋሽ ዝግታ ቀሩ።